ለስንቅ ያልሰጠው ጎተራ ጠባቂ

አንድ የጎተራ ጠባቂ ነበረ። ሐቀኛ ሰው ነበረ። ሐቀኝነቱን ከመጀመሪያው የምነግርሽ መጨረሻ ላይ «ሰውየው ሌባ ነበር እንዴ?» ብለሽ እንዳታደክሚኝ ነው። ሌባ አልነበረም። ከዚያ ጎተራ አንዲት ፍሬ ወደ ቤቱ አልገባችም።

ጥያቄሽን አልዘነጋሁትም፣ ልጄ። «ፈንዱ ለማኅበራቱ ሲሰጥ ለሚታይ ነገር ብቻ ቢሰጥ አይሻልም ወይ?» ነው ያልሽኝ። በፈንዱ ኃላፊ ወንበር ላይ ከተቀመጥሽ ገና ሁለት ወርሽ ነው። እኔ ቤት ድረስ መጥተሽ መጠየቅሽ ደስ ብሎኛል፤ ጥያቄው ግን ደስ አላለኝም። ስለዚህ «አዎ» ወይም «የለም» ብዬ አልሸኝሽም። ቁጭ በይና የዚህን ሰው ነገር ስሚ።

ሰውየው የሚኖርባት ከተማ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች ነበረች። ሐኪም ቤቱ ያለው ታች፣ ከወንዙ ማዶ ነው። ለጤነኛ ሰው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። መኪና አይወርድበትም፤ በቅሎ እንኳ አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ እግሯን ተክላ እምቢ ትላለች። ያ ቦታ ጠባቡ ይባላል። በአንድ በኩል አለት ነው፣ በሌላ በኩል ገደል ነው፣ መሐል ላይ ሁለት ሰው ተጠጋግቶ የሚያልፍበት ሠላሳ እርምጃ ያህል መንገድ አለ። የታመመ ሰው እዚያ የሚያልፈው በሰው ትከሻ ብቻ ነው።

ሰውየው ጠባቂ ከመሆኑ በፊት በከተማዋ ላይ ክፉ ዘመን አልፎ ነበር። በዚያ ዘመን ሁሉም በሩን ዘግቶ ነው የከረመው፤ የጎረቤቱን ልጅ ለቅሶ እየሰማ ዝም ያለ ብዙ ነው። ዘመኑ ሲያልፍ ሰዉ እርስ በርሱ መተያየት አፈረ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው አንድ የጋራ ጎተራ ሠሩ። አዝመራ ሲገባ እያንዳንዱ ቤት አንድ ቁና ያስገባል፤ የተረፈው ሁለትም ሦስትም ያስገባል። ሩቅ አገር ሄደው የከበሩ የከተማዋ ልጆችም እያስገዙ ይልካሉ። እህሉ ለአንድ ሰው ለብቻው አይሰጥም። የሚሰጠው ለሌላው ለሚደክሙ ማኅበራት ነው፤ ምንጩን ለሚጠርጉት፣ ወላጅ የሞተባቸውን ሕፃናት ለሚያሳድጉት ሴቶች፣ በሽተኛ ለሚሸከሙት ወንዶች። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ዛሬም ጥሩ ሐሳብ ነው፤ አለበለዚያ አንቺም እዚያ ወንበር ላይ አትቀመጪም ነበር።

የመጀመሪያው ጠባቂ በሐሜት ወረደ። በላ አሉት። እህሉን ለማኅበራቱ ሰጥቶት ነበር፤ ማኅበራቱም ሥራቸውን እየሠሩ በልተውት ነበር። ሽማግሌዎቹ «የታል?» ሲሉት የሚያሳየው ነገር አጣ። ከዚያ ቀን ወዲያ ሰውየው ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ከሰው ሁሉ ኋላ፣ ዛፍ ሥር ነበር የሚቆመው። የኛ ሰው ይህን በዓይኑ አይቷል። በሰውየው ቦታ ተመርጦ ቁልፉን ተቀበለ። በልቡም «እኔስ የማሳየው አላጣም» አለ።

ይህ ሰው ሚስቱ ሞታበት አስካለ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ነበረችው። ይወዳታል ቢባል ያንሳል፤ የሚኖረው ለእሷ ነበር። አስካለ አንድ ጊዜ አርግዛ ልጁ ሞቶ ተወለደ፤ እሷም ለጥቂት ነው የተረፈችው። ያን ጊዜ ተሸካሚዎቹ ናቸው ያወረዷት። ሐኪሙ አባትየውን ለብቻው ጠርቶ፣ «ሁለተኛ ካረገዘች ወሯ ሲገባ እዚህ አምጥተህ አስቀምጣት። ምጡ እዚያ ላይ ሳለች ከያዛት ግን በግማሽ ቀን ውስጥ እኔ ጋ መድረስ አለባት። ከዚያ ካለፈ እኔም ምንም አላደርግላትም» አለው። አባትየው ይህን ቃል በቃሉ ያዘው። ጧት ሲነሳና ማታ ሲተኛ ይለዋል፤ በግማሽ ቀን ውስጥ፣ በግማሽ ቀን ውስጥ።

እንግዲህ ቁልፉን በያዘ በመጀመሪያው ዓመት የተሸካሚዎቹ አለቃ ወደ ጎተራው መጣ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ገበሬ ነው። የትከሻው ቆዳ እንደ ተረከዝ ጠንክሯል። ንግግር የሚባል ነገር አያውቅም፤ ቆቡን አውልቆ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ጌታው፣ ስንቅ ፈልገን ነው» አለ።

«ምን ዓይነት ስንቅ?»

«የምንበላው ነዋ። አንድ በሽተኛ አውርደን እስክንመለስ ሁለት ቀን ይሄዳል። ሰዎቼ ድሆች ናቸው፤ እርሻቸውን ጥለው ነው የሚወጡት። ለመንገድ በሶ የሚሆን ገብስ ይሰጠን። በዘር ጊዜ ለወጣ ሰው ደግሞ ማሳውን ለሚያርስለት የሚከፍለው ትንሽ እህል። ይህ ካለን አሥራ ስድስታችንም እንዘልቃለን።»

አሥራ ስድስት የሆኑት በከንቱ አልነበረም። በአንድ በሽተኛ ስምንት ሰው ይወጣል። አራቱ ይሸከማሉ፤ አራቱ ባዶ እጃቸውን ይከተላሉ፤ ሲደክማቸው ይቀያየራሉ። ስምንቱ ታች ሳሉ ሌላ ሰው ቢታመም ብለው ሌላ ስምንት ከላይ ይቀራል። ጠባቂው ይህን ያውቃል። ልጁን ያወረዷት እነሱ ናቸውና ያውቃል። እንዲያውም አለቃውን ሲያየው እንባው ነበር የሚመጣው። ግን እንባው ከመምጣቱ በፊት ያ ዛፍ ሥር የሚቆመው ሰው ትዝ አለው።

«ወንድሜ፣ ይህን እህል ሰዎችህ ከበሉት በኋላ ለሕዝቡ ምን አሳያለሁ?» አለ።

አለቃው ጥያቄው አልገባውም። «በሽተኛው ደርሷል ትላለሃ» አለው።

«የደረሰ በሽተኛ ድኖ ቤቱ ይገባል። እሱን ግድግዳ ላይ አልሰቅለው። ይልቅ ቃሬዛችሁ አርጅቷል ሲሉ ሰምቻለሁ። አዲስ ላሠራላችሁ።»

«ቃሬዛስ አለን።»

«ከዚያ የተሻለ ላሠራላችሁ።»

ስጦታ እምቢ አይባልም። አለቃው ቆቡን ደፍቶ አመስግኖ ሄደ። ጠባቂውም ለሁለት ዓመት ስንቅ የሚበቃ እህል አውጥቶ በጥሩ ወይራ፣ በበሬ ጠፍር የተወጠረ ቃሬዛ አሠራ። እንጨቱ ላይ «ከጋራ ጎተራው ለተሸካሚዎች የተሰጠ» የሚል ጽሑፍ አስቀረጸ። በዓመቱ የጎተራው በዓል ዕለት ሰዉ መጥቶ ዳሰሰው፤ ሕፃናቱ ተኙበት። ከሩቅ አገር የመጡት ባለጠጎች «እህላችን ሥራ ላይ ውሏል» ተባባሉ። ጠባቂው ያን ሌሊት እንደ ሕፃን ተኛ።

በሁለተኛው ዓመት አለቃው እንደገና መጣ። የጠየቀው ያንኑ ነው። ጠባቂው ትንሽ ተቆጣ።

«ዓምና ያንን የመሰለ ቃሬዛ ሰጠኋችሁ አይደል?»

«ሰጥተኸናል፤ እግዜር ይስጥልን። ግን ቃሬዛ ብቻውን አይሄድም፣ ጌታው።»

«እናንተ ደግሞ መቼም ለሆዳችሁ ነው!» አለ ጠባቂው።

ይህን የሚያህል ቃል ለመናገር ክፉ ሰው መሆን አያስፈልግም፤ መፍራት ይበቃል። አለቃው ቆቡን ደፍቶ ወጣ። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ተሸክሞ ስለ ሆዱ ሲነገረው የመጀመሪያው ነበር። ቤቱ ሲደርስም ለሰዎቹ አልነገራቸውም፤ እነሱ ይህን ከሚሰሙ እሱ ዋጥ ማድረጉን መረጠ። በዚያ ዓመት ሁለተኛ ቃሬዛ ተሠራ።

እህሉ ቀረና ሰዎቹ መሄድ ጀመሩ። ተጣልተው አይደለም፤ የተጣላ ሰው ቢሆን ተለምኖ ይመለስ ነበር። አንዱ በዘር ወቅት ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ወጥቶ፣ ማሳው ጦም አደረበት፤ በሬውን ሸጦ ቡና ለቀማ ወደ ሩቅ አገር ወረደ። የአንዱ ሚስት በሩ ላይ ቆማ፣ «የሰው ሚስት ተሸክመህ ስትሄድ የራስህ ልጆች ሳይበሉ ነው ያደሩት። ዛሬ ብትወጣ ተመልሰህ አታገኘኝም» አለችው። በሴትየዋ አትፍረጂባት። ሰውየው ተመልሶ ገባና ተሸካሚዎቹን የሚጠራው ጡሩንባ በተነፋ ቁጥር ጆሮውን ይይዝ ጀመር። ሌላው ወገቡን ታመመ። አሥራ ስድስቱ አሥራ አንድ ሆኑ፤ ከዚያ ሰባት ሆኑ።

በሦስተኛው ዓመት አለቃው ሲመጣ ለመነ። ለምኖ የማያውቅ ሰው ሲለምን እንዴት እንደሚያስጠላ አይተሽ እንደሆነ አላውቅም። ቃሉ ይሰባበራል፤ ዓይኑ መሬት መሬት ያያል።

«ጌታው፣ አዲስ ሰው ባመጣም ወዲያው አይሆነኝም» አለ። «ሥራው ጉልበት ብቻ መስሎህ እንደሆነ አይደለም። እኛ ስንሸከም እግራችንን እኩል አናነሳም። እኩል ከሄድን ቃሬዛው ይወዛወዛል፤ ደም የሚፈሰው ሰው ከሆነ እመንገድ ላይ ያልቃል። ሁሉም የየራሱን እርምጃ መስበር አለበት። ትከሻ ስንቀይርም አንቆምም። ጠባቡ ላይ ደግሞ ጭራሽ አንቀይርም፤ ቢያቃጥልህም ችለህ ታልፋለህ። ይህን አንድ ሰው እስኪለምድ ሁለት ክረምት ነው። ያሉኝን እንኳ ልያዝበት።»

ጠባቂው ሰማው። አዘነለትም። ነገር ግን ሰምቶ ሲያበቃ የጠየቀው «ታዲያ ምን ይታይልኛል?» ብሎ ነው። በዚያ ዓመት ሦስተኛው ቃሬዛ ተሠራ፤ ይኸኛው መጋረጃም ነበረው። ሦስቱም በጎተራው ግድግዳ ላይ ተርታ ተሰቀሉ።

ለስንቅ ያልተሰጠው እህል ጎተራው ውስጥ ተቀመጠ። የተቀመጠ እህል ምን እንደሚያገኘው ታውቂያለሽ። በግንቦት ላይ ነቀዝ ገባበትና አርባ ቁና ገብስ ዱቄት ሆነ። ጠባቂው ሐቀኛ ነውና አልደበቀም። ሽማግሌዎቹን ጠርቶ የተነቀዘውን ክምር አሳያቸው። እነሱም አፈስ አድርገው አይተው «እውነትም ነቀዝ ነው» ብለው መሰከሩለት፤ ከጎተራው ጀርባ ተደፋ፣ ዶሮ ለቀመው። ነቀዝ የበላውን ማሳየት ይቻል ነበርና ማንም አላማውም።

አስካለ ያን ጊዜ አርግዛለች። ባልዋ ሩቅ አገር ሥራ ላይ ስለነበር ለመውለጃዋ ወደ አባቷ ቤት መጥታለች። አባቷ ወሯን በጣቱ ይቆጥራል። በሐምሌ መግቢያ ላይ ሊያወርዳት፣ ታች ዘመድ ቤት ሊያስቀምጣት ቁርጥ አድርጓል። ስትፈራ ያያትና ወደ ጎተራው ይዟት ይሄዳል፤ ቃሬዛዎቹን ያሳያታል። «መጋረጃ ያለው ያንቺ ነው። ምን ያስፈራሻል?» ይላታል። እሷም እጇን በጠፍሩ ላይ እያሳለፈች ትስቃለች።

ምጡ በሰኔ አጋማሽ፣ ከቀኑ አንድ ወር ቀድሞ መጣ። ማለዳ ነበር። አዋላጂቱ ሮጣ ጎተራው ድረስ መጥታ፣ «ደም አይቻለሁ፤ አሁኑኑ ትውረድ» አለችው። ጠባቂው አልደነገጠም። ፀሐይ ገና መውጣቷ ነው፤ ግማሽ ቀን ሙሉውን አለ፤ ሦስት ቃሬዛ ተሰቅሏል። ባለመጋረጃውን አወረደ። ጡሩንባ ነፊውን ላከ።

ጡሩንባው አንድ ጊዜ ተነፋ። አለቃው የማሳ ጭቃ በእግሩ ላይ እንዳለ እየሮጠ መጣ። ከኋላው ሦስት ሰው መጣ። ጠባቂው ወደ መንገዱ እያየ ጠበቀ። ጡሩንባው ሁለተኛም ሦስተኛም ተነፋ።

«ሌሎቹስ?» አለ።

«ሌሎች የሉም፣ ጌታው።»

«እንዴት የሉም? አሥራ ስድስት አልነበራችሁም?»

«ነበርን» አለ አለቃው። «እስከ ፋሲካ ሰባት ነበርን። አሁን እኛ ነን።»

ያኔ ነው ጠባቂው በሦስት ዓመት ውስጥ ያላደረገውን ያደረገው። ወደ ጎተራው ሮጦ ገባና በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። የዕለቱ ገበያ መቆም ጀምሮ ነበር። ደጃፉ ላይ ቆሞ በሁለት እጁ እህል እያፈሰ፣ «ሰው! ሰው! ለሚሸከም አንድ ጫን! ሁለት ጫን! የፈለገውን ይውሰድ!» እያለ ጮኸ። ያ አንዲት ፍሬ ሲወድቅ ጎንበስ ብሎ የሚያነሳ ሰው እህሉን እግሩ ሥር ሲበትን ገበያተኛው አየ። ማንም አላፈሰም። ሰዉ ክፉ አልነበረም፤ ያለ እህልም ይመጣ ነበር። ስምንት ጠንካራ ሰዎች፣ ጨው ነጋዴውም፣ ግንብ ሠሪውም፣ እቃቸውን ጥለው መጡ። አስካለን አስተኟትና ተነሡ።

አለቃው እየሮጠ ይነግራቸዋል። «እኩል አትርገጡ! አትዩኝ፣ እርምጃችሁን ስበሩ! ቀስ!» እነሱም ይሞክራሉ። ግን አሥር እርምጃ ሳይሄዱ እግራቸው ራሱ ይገጥማል፤ የሰው እግር ካላስተማሩት ይህን ነው የሚያደርገው። ቃሬዛው ይወዛወዛል። አስካለ ጠፍሩን ጨብጣ ትጮኻለች። ያወርዷታል፤ ያሳርፏታል፤ እንደገና ያነሷታል። ትከሻ ለመቀየር ይቆማሉ። አራቱ ነባሮች ሲይዙ መንገዱ ይገፋል፤ ግን አራት ሰው ግማሽ ቀን ሙሉ አይሸከምም። ሲደክማቸው ለገበያው ሰዎች ይሰጣሉ፤ መንገዱም እንደገና ይቆማል።

አባትየውም አንዱን እንጨት ያዘ። ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከቁልፍ በቀር ሌላ ነገር ተሸክሞ አያውቅም። ወይራ ከባድ እንጨት መሆኑን ያወቀው ያኔ ነው። ሦስቱም ቃሬዛዎች ለዓይን ተብለው ከመጠን በላይ ወፍረው ነበር የተሠሩት። የትከሻው ቆዳ ሲላጥ ተሰማው። ከኋላው የልጁ ድምፅ ይመጣል።

«አባዬ፣ ስንት ቀረን?»

«ደርሰናል፣ እናቴ።»

አልደረሱም ነበር። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ገና ጠባቡ አፍ ላይ ናቸው። አለቃው አስቆማቸው። ከነባሮቹ አንዱ ትንፋሽ አጥሮት መሬት ላይ ተዘርሯል፤ በእሱ ቦታ ጨው ነጋዴው ገባ። «ሠላሳ እርምጃ ነው» አለው አለቃው። «ቢያቃጥልህም ቻለው። ትከሻ እንዳትቀይር። ሰማኸኝ?» ጨው ነጋዴው «ሰማሁ» አለ። ሰምቷል። ሃያ እርምጃ ያህል ቻለ። ከዚያ አልቻለም፤ ሳያስበው ጎንበስ ብሎ እንጨቱን ወደ ሌላው ትከሻው ሊያሳልፍ ሲል ቃሬዛው ወደ ገደሉ አዘመመ።

አለቃው ከፊት በኩል እንጨቱን ሳይለቅ ራሱን ወደ አለቱ ወረወረና በክብደቱ ጎተተው። ቃሬዛው አልወደቀም። እግሩ ግን በእንጨቱና በአለቱ መካከል ገባ፤ አጥንቱ ሲሰበር ከኋላ ያሉት ሁሉ ሰሙት። አስካለ ስትንገላታ ደሙ ጨመረ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ የወደቀውን ሰው ተሻግሮ ማለፍ አይቻልም፤ ወደ ኋላ መመለስ ነበረባቸው። እሷን ወደ ኋላ አውጥተው፣ አለቃውን ጎትተው፣ እንደገና ሰው አሰናድተው እስኪያልፉ ድረስ ጥላው ዞረ።

ከጠባቡ ወዲያ የወንዙ ማዶ ይታያል። የሐኪም ቤቱ ቆርቆሮ በፀሐይ ሲያበራ አባትየው አየው። «እዪው፣ ያውልሽ!» አላት። አልመለሰችለትም። መጋረጃውን ገለጠ። ከዚያ በኋላ መሮጥ አያስፈልግም ነበር። ግን ማንም ቁሙ ስላላላቸው እስከ ወንዙ ድረስ ወረዱ። ሕፃኑም ከእናቱ ጋር ነው የተቀበረው።

አዝመራው ገባ። የጎተራው በዓል ደረሰና ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው ጎተራውን መረመሩ። ያን ዕለት በር ላይ የተበተነው እህል እንኳ ተለቅሞ ተመልሶ ስለነበር አንዲት ቁና አልጎደለችም። በዕድሜ አንጋፋው ተነስቶ፣ «በዚህ ሁሉ ኀዘን ውስጥ ሆኖ ምንም ያላጎደለ ሰው ነው» ብሎ መሰከረለት። ሕዝቡ አጨበጨበ። ጠባቂው ተነስቶ ቁልፉን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ጎድሏል» አለ።

«ምን ጎደለ? ሁሉን አይተናል እኮ!»

«አሥራ ሁለት ሰው ጎድሏል» አለና ወጣ።

ሰዎቹ ተያዩ። ኀዘን ያናገረው መሰላቸው፤ «ምስኪን» አሉ። ከመካከላቸው ሌላ ሐቀኛ ሰው መርጠው ቁልፉን ሰጡት። አዲሱ ጠባቂም ለሟቿ መታሰቢያ ይሁን ብሎ ስሟን እንጨቱ ላይ አስቀርጾ አራተኛ ቃሬዛ አሠራ። አለቃው በዓሉ ላይ አልነበረም። በዚያ እግር ደጃፉን እንኳ አይሻገርም ነበር።

ይኸው ነው፣ ልጄ። አሁን ወዳንቺ ልመለስ።

ጎተራው ያንቺ ፈንድ ነው። ቁና ቁና ያስገቡት ሰዎች፣ ከደመወዛቸው እየቆረጡ የሚሰጡሽ የከተማችን ሰዎች ናቸው። ቃሬዛው ያንቺ ጽሑፍ የሚለጠፍበት ነገር ሁሉ ነው፤ ኮምፒውተሩ፣ አልጋው፣ ሪባን የሚቆረጥለት ክፍል። ተሸካሚዎቹ ደግሞ ትናንት ያሳየሽኝን ደብዳቤ የጻፉት ሴቶች ናቸው። ከአልጋ መነሣት ያቃታቸውን ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ የሚያጥቡት፣ የሚያገላብጡት፣ የሚያጎርሱት። የታክሲና የሁለት ሠራተኛ ደመወዝ ነው የጠየቁሽ። አንቺ ደግሞ «ይህ የሥራ ማስኬጃ ስለሆነ አንሸፍንም፤ በምትኩ ስድስት ተሽከርካሪ ወንበር እንሰጣችኋለን» ብለሽ አርቅቀሻል። አማርኛው ጥሩ ነው። እኔም በድሮ ሥራዬ እንዲህ ያለ ብዙ ጽፌያለሁና አነባበቡ አልጠፋኝም።

እንዳይበሉብሽ ትፈሪያለሽ። ፍሪ፤ የሰው አደራ ይዘሽ ካልፈራሽ ወንበሩን ልቀቂ። የሚበላ ማኅበርም አለ፤ የለም አልልሽም። ግን ፍርሃትሽን ወንበር ላይ ተቀምጠሽ አትፍሪው። ሂጂና ከእነዚያ ሴቶች ጋር አንድ ቀን ዋይ። ሽንት የነካው አንሶላ ሲያጥቡ እዪአቸው፤ ታክሲ አጥተው ከአንዱ ሰፈር ወደ አንዱ ሰፈር ሲሄዱ አብረሽ ሂጂ። ያኔ ማን እንደሚበላና ማን እንደሚሸከም ወረቀት ሳይነግርሽ ታውቂዋለሽ። የሚሸከሙ ከሆኑ የለመኑሽን ስጪያቸው፤ የታክሲውንም፣ የደመወዙንም፣ የሚበሉትንም። ለአንድ ዓመት ሰጥተሽ አትተዪአቸው፤ ሰው እየለመደ የሚሠራው ሥራ በዓመት አያልቅም። በዓል ላይ የምታሳዪው ነገር ባይኖርሽ እፈሪ። እፍረቱ አይገድልሽም። የሚገድለው ሌላ ሰው ነው።

የመልስ ደብዳቤሽን ግን ገና አልፈረምሽውም አይደል? ጥሩ። እንግዲያው ነገ ጧት ቢሯቸው ስትገቢ «በገንዘባችን ምን ሠራችሁ?» ብለሽ አትጀምሪ። እሱን በኋላም ትደርሺበታለሽ። መጀመሪያ ቁጭ በይና ይህን ጠይቂ፤ «ስንት ነበራችሁ? አሁን ስንት ቀራችሁ?»